ጉልበት በሌለ ቀን እንጦጦ

ሰውነቴ እንደ እርጥብ ጋቢ በከበደኝ ቀን ዳገቱን በእግሬ አልሞክረውም። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥቼ ያለችኝን ጉልበት ለጫካው አስቀምጣለሁ። (ድሮ በእግሬ ነበር የምወጣው። ጉራ ነበር።)

ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ። ከዚያ ርቀት ሳይሆን ሰዓት ቁጠሩ፤ ሃያ ደቂቃ ሄዳችሁ ተመለሱ። ቁልቁለት ከወረዳችሁ መመለሻው ዳገት ነው። አንድ ቀን ይህን ረስቼ መሀል መንገድ ተቀምጬ ቆሎዬን ጨርሻለሁ።

ስንት ዓመት ስመላለስበት ሁሉም ባሕር ዛፍ ይመስለኝ ነበር። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍማ ይታወቃል፤ ቅጠሉን አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት፣ ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ የምታጥነኝ እሱን ነው። ቀስ ስል ግን በመካከሉ አገር በቀሉን ጽድ አየሁት፦ ቅርፊቱ በቁመቱ እየተላጠ፣ ፍሬው እንደ ሰማያዊ ዶቃ። እሱን ፈልጉ፤ ስታገኙት ግንዱን ተደግፋችሁ እረፉ።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከመጡ መንገዱን ልቀቁላቸው። ሹራብ ያዙ፤ ላብ ሲደርቅ ይበርዳል። ብቻችሁን ወደ ውስጥ አትራቁ። ስትመለሱ ጦስኝ ያለበት ሻይ ካገኛችሁ፣ ሁለት ብርጭቆ።