የኦክሲናይትራይድ መስታወት፦ ናይትሮጂኑ ሲጨመር ምን ይለወጣል?

ኦክሲናይትራይድ መስታወት ከኦክስጅኑ ከፊሉ በናይትሮጂን የተተካ የሲሊኬት መስታወት ነው። በሲሊኬት መስታወት ውስጥ አንድ ኦክስጅን ሁለት ሲሊከኖችን ያያይዛል። በቦታው የገባ ናይትሮጂን ግን ሦስት ሊያያይዝ ስለሚችል መረቡ ይጠብቃል። መስታወቱ የሚጠነክረውም፣ ቀልጦ ለመፍሰስ የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ የምንሠራው መስታወት ኢትሪየም፣ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለበት ነው፤ የናይትሮጂንን ሚና ለብቻው ለማየት የእነዚህ የሦስቱ ድርሻ መነካት የለበትም። ስለዚህ ስሌቱ በክብደት ሳይሆን በአቻ መቶኛ ይሁን፤ የእያንዳንዱ አቶም ብዛት በቫለንሲው፣ ማለትም በሚፈጥረው ትስስር ቁጥር፣ ተባዝቶ (ናይትሮጂን በ3፣ ኦክስጅን በ2) ከድምሩ ያለው ድርሻ ይወሰዳል፤ ድምሩም ለኢትሪየም፣ ለሲሊከንና ለአሉሚኒየም ለብቻ፣ ለናይትሮጂንና ለኦክስጅን ለብቻ ነው። ለኢትሪየም 28፣ ለሲሊከን 56፣ ለአሉሚኒየም 16 ከያዝን፣ 17 አቻ መቶኛ ናይትሮጂን ላለው 100 ግራም ድብልቅ የሚያስፈልገው 49.9 ግራም ኢትሪየም ኦክሳይድ፣ 27.8 ግራም ሲሊካ (ሲሊከን ኦክሳይድ)፣ 12.9 ግራም አሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) እና 9.4 ግራም ሲሊከን ናይትራይድ ነው። ናይትሮጂን የሌለው ማነጻጸሪያ ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል 48.6፣ 38.8 እና 12.5 ግራም ይወስዳል። የሲሊከን ናይትራይድ ዱቄት ላዩ በሲሊካ የተሸፈነ ስለሆነ ያን ያህል ከሲሊካው ይቀንሱ። ይህ ከተዘለለ የናይትሮጂኑ ቁጥር ከመጀመሪያው ስህተት ነው።

ዱቄቱን በአይሶፕሮፓኖል ውስጥ በሲሊከን ናይትራይድ ኳሶች ለ24 ሰዓት ፈጭተው ያድርቁና ይጠፍጥፉት። ቦሮን ናይትራይድ በተቀባ የግራፋይት ዕቃ ውስጥ፣ በናይትሮጂን ጋዝ ሥር፣ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ1 ሰዓት ያቅልጡት። አየር ከገባ ናይትራይዱ ይቃጠላል። ቅላጩን 850 ዲግሪ ገደማ ወደሞቀ የግራፋይት ቅርጽ ያፍስሱ፤ በመስታወት መለወጫ ሙቀቱ (ጠጣሩ መስታወት መለስለስ በሚጀምርበት ሙቀት) አካባቢ 1 ሰዓት አቆይተው ቀስ ብለው ያቀዝቅዙ፤ ካልሆነ ይሰነጠቃል።

ከማቅለጥ በፊትና በኋላ ይመዝኑ። ሙቀቱ ሲበዛ ወይም ቆይታው ሲረዝም ሲሊከን ናይትራይድና ሲሊካ ተዋህደው ሲሊከን ሞኖክሳይድና ናይትሮጂን ጋዝ ይሆናሉ፤ ክብደቱ ይጎድላል፣ መስታወቱም አረፋ ይይዛል። ግራጫ ወይም ጥቁር ከወጣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሲሊከን ወይም የብረት ቅንጣት ነው።

እስከ 17 አቻ መቶኛ ሲደርስ የያንግ ሞጁለስ (የግትርነት መለኪያ) ከ15 በመቶ በላይ ያድጋል፤ የመለወጫው ሙቀት ለእያንዳንዱ አቻ መቶኛ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይጨምራል፤ በአንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ዝልግልግነቱ ከ100 እጥፍ በላይ ይሆናል። በሙቀት መስፋፋቱ ግን ይቀንሳል። ናይትሮጂኑ ከልክ ሲያልፍ ክሪስታል ይፈጠራል።

ኢትሪየምን በላንታነም ቢተኩት መስታወቱ ይለሰልሳል፣ በኢተርቢየም ወይም በሉቴሺየም ቢተኩት ይጠነክራል፤ አዮኑ ባነሰ ቁጥር ኦክስጅኖቹን አጥብቆ ይይዛልና። አሉሚኒየሙን ማስቀረት ግን አይመከርም፤ የማቅለጫውን ሙቀት ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው።