ቤዝ ጊታሩ ዝዝ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ላይ ክረምቱ ወጥቶ ኅዳር ሲገባ ስልኬ ይበዛል። «ቤዜ ዝዝ ይላል፣ ምን ላድርገው?» የጥር ሰርግ እየደረሰ ስለሆነ ሁሉም ቸኩሏል።

የመጀመሪያው ስህተት መፍቻ ይዞ ወደ አንገቱ መሮጥ ነው። ቆዩ፣ የቱ ጋ ነው የሚጮኸው? ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል። ወደ ቦዲው፣ ማለትም ወደ ጊታሩ አካል፣ ስትጠጉ ብቻ ከሆነ ብሪጁ (ቦዲው ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ላይ ክሮቹ ዝቅ ብለው ይሆናል። ክሩን ሳትጫኑት ብቻ ከጮኸ ነቱ (ከአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለ ስንጥቅ ድጋፍ) ተበልቷል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከምትጫኑት ቀጥሎ ያለውን ፍሬት ጠርጥሩ፤ ከፍ ብሎ ይሆናል።

ወራቱም እጁ አለበት። በክረምት እርጥበት የጠጣ እንጨት በበጋ ይደርቃል፣ አንገቱም ቀጥ ይላል። ነሐሴ ላይ ደህና የነበረ ቤዝ ኅዳር ላይ ቢጮህ አይግረማችሁ። ወደ ቀጭን ክር መቀየርም እንዲሁ ያደርጋል፤ አንገቱን የሚስበው ኃይል ይቀንሳላ!

ሁለተኛው ሳይቃኙ መለካት ነው። ክሩ ከላላ ልኬቱ ውሸት ነው። ቃኙና 1ኛውን ፍሬትና አንገቱ ከቦዲው የሚገናኝበትን ፍሬት ባንድ ጊዜ ተጫኑ። 7ኛው ወይም 8ኛው ላይ ከክሩ ሥር 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይኑር፤ ለቤዝ 0.3 ቢሆንም ደህና ነው። ክሩ ፍሬቱ ላይ ከተኛ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ዘንግ) ወደ ግራ አላሉት። ሩብ ዙር ብቻ! ከዚያ እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ለኩ። እኔ በጀማሪነቴ አንድ ሙሉ ዙር አዙሬው፣ ክሮቹ ከፍ ብለው ጣቴን ሲልጡት ከረሙ።

ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት? አትንኩ። የተሞረደ ፍሬት አይመለስም።

ሌላው በባዶ ጆሮ የሚሰማውን ሁሉ ማባረር ነው። በአምፕ (በድምፅ ማጉያው) ካልተሰማ ተዉት። በገና ላይማ ዝዝታው ሆን ተብሎ የሚመጣ ነው፤ እንዚራ የሚባሉት የቆዳ ቁራጮች ሥራቸው ይኸው ነው።

በቀደም አንድ ልጅ ቤዙን ይዞ መጣ። ለካን፣ ቃኘን፣ እንደገና ለካን። ለካስ የምትጮኸው የመቃኛው ቁልፍ ላይ የላላች አንዲት ብሎን ኖራለች። በካቻቢቴ አጠበቅናት፣ ዝም አለች።