ጎጃም ስትሄዱ ፎቶው ውስጥ ሰው አስገቡ

ጎጃም ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሻገሩ ስልክ ማውጣታችሁ አይቀርም። ገደሉን ብቻ ካነሳችሁት ግን ቤት ያለ ሰው ስፋቱ አይገባውም። ከጠርዙ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ወይም ቁልቁል የሚወርድ አውቶቡስ አስገቡበት። እናቴ አውቶቡሷን እንደ ክብሪት ቀፎ አንሳ ስታያት ነው “ወይኔ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ወረድሽ?” ያለችው።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሩን ምረጡ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ሙሉ ነው። በበጋ ይሳሳል፤ ለመብራት ኃይልም ይጠለፋል። ቀስተ ደመናውን የምታገኙት ፀሐይዋን ከጀርባችሁ ስታደርጉ ነው። ጢሱ ሌንሱን ቶሎ ያረጥበዋል። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ አንድ አነሳሁ፣ ሁለተኛው ደበዘዘብኝ። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ያዙና ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ጥረጉ።

ሰው ስታነሱ ቀድማችሁ “ላንሳዎት?” በሉ።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ጥራቱ አይቀንስም። ሃምሳ ፎቶ አታዝንቡ። አምስት ይበቃል፣ ከአጭር የድምፅ መልእክት ጋር። እኔ የፏፏቴውን ድምፅ ቀድቼ ልኬ ነበር። አባቴ ፎቶዎቹን አንዴ አየና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ድምፁን ደጋግሞ ሰማው።