ጭሱም ማገዶ ነው፦ ምድጃ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ምርጥ የሚባለውን የስሚንቶ የእንጀራ ምድጃ ገጥሜ በተመለስኩ በሳምንቱ ብዙ ጊዜ ስልክ ይደወላል። «ይሄ ምድጃህ ያጨሳል፣ ማገዶም ይፈጃል።» ሄጄ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ምድጃው ምንም አልሆነም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ እሳት የሚነደው ለእንጀራና ለወጥ ብቻ አይደለም፣ ከጥቅምት ወዲያ ቤት የሚሞቀውም በሱው ነው። ስለዚህ አያያዙን የሳተ ሰው በማገዶም በብርድም ይከፍላል።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንያዝ። እንጨት ሲሞቅ ከውስጡ ጋዝ ይወጣል፤ ነበልባል የምንለው ያ ጋዝ ሲቀጣጠል ነው። ሳይቀጣጠል የቀረው ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ጭስ አያችሁ ማለት ገንዘብ የወጣበት ማገዶ ሳይነድ በበር እየወጣ ነው ማለት ነው። ከከሰሉ በቀር ከታች የማነሳው አብዛኛው ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ያርፋል።

እርጥብ እንጨት

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ሰው በሐምሌ ውሃ የሚንጠባጠብ ባሕር ዛፍ በውድ ይገዛል፤ በጥርና በየካቲት ደረቁ ገበያ ላይ ተቆልሎ ሲረክስ ግን «ምን አስቸኮለኝ» ብሎ ያልፈዋል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው።

ትናንት የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 10 ኪሎ ገዛችሁ ማለት 5 ኪሎ እንጨትና 5 ሊትር ውሃ አሸክማችሁ ገባችሁ ማለት ነው። ያንን ውሃ አትንኖ ለመጨረስ ብቻ አንድ ኪሎ የማይሞላ ደረቅ እንጨት ጉልበት ያልቃል። «ይህቺማ ምን አላት» የሚል አይጠፋም። ትልቁ ጉዳት እሱ አይደለም። እንጨቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ እሳቱ አይግልም፤ ጭሱ በደንብ እንዲቀጣጠል ደግሞ የምድጃው ሆድ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት። ስለዚህ ጋዙ ሳይነድ ያመልጣል፣ ምጣዱ ለብ ብሎ ይቀራል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ትውላለች። ማታ ላይ ጥፋተኛው ምድጃው ይሆናል።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ። ገና ከበር፦

«ልጄ፣ ይሄ የስሚንቶ ነገር አልሆነኝም። ጉልቻዬ ይሻለኝ ነበር።»

«እማማ፣ እንጨቱን ከየት አመጡት?»

«ከጓሮ ነዋ። ትናንት ልጁ ቆርጦልኝ።»

የእንጨቱ ጫፍ ላይ ውሃው እየፈላ ነጭ አረፋ ይደፍቃል፣ ይሲሳል። ጣሪያው ሥር ተሸጉጦ የነበረ የአምና አጥር አገኘሁና ፈልጬ በዚያው ምድጃ አነደድን። አረፋውም ሲሲታውም የለም፤ ጥቂት ቆይቶ ጭሱ ሳስቶ ጠፋ። እማማ አክንባሎውን አንስተው የእንጀራውን ዓይን አዩና ዝም አሉ። ምድጃውን ግን እስካሁን አላመሰገኑትም።

የደረቀ እንጨት ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ልጡ በእጅ ሲይዙት ይለቃል፣ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ የታፈነ ድምፅ ነው ያለው። ፈልጣችሁ አድርቁ፤ ግንድ እንዳለ የተቆለለ እንደሆነ ዓመት ቆይቶም መሐሉ እርጥብ ነው። ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጉት፣ ከላይ ቆርቆሮ ጣል አድርጉበት፣ ጎኑን ግን ለነፋስ ተዉት። ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልለው «ከዝናብ አዳንኩት» የሚሉ አሉ፤ ላቡ የት ይውጣ?

ስለ እንጨት ዓይነት ብዙ እጠየቃለሁ። ወይራ ፍሙ ይቆያል፣ ጽድ ይፈነጥቃል፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የደጋው ሰው የለመደው ባሕር ዛፍ ደግሞ ደረቅ ይሁን እንጂ ምንም አይወጣለትም። ከዓይነቱ ይልቅ ድርቀቱን እዩ። ኩበትም ይነዳል፤ ጭሱና አመዱ ግን ብዙ ነው፣ ለማሳው ቢቀር ደግሞ ለገብሱ በበጀ።

ምድጃውን መጠቅጠቅ

ብዙ እንጨት ብዙ ሙቀት አይደለም። የምድጃው አፍ እስኪሞላ ሲታጨቅ አየር የሚገባበት ይጠፋል። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፤ እኛ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው በሲሶ ገደማ ያንሳል፣ እሳቱም በዚያው ልክ አየር ይርበዋል። እንጨቱን የእጅ አንጓ ከሚያህል ሳታወፍሩ ፈልጡ፤ ሁለት ሦስቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝታችሁ አንድዱ፣ ከሥራቸው ክፍተት ይኑር፣ ጫፉ ሲያልቅ ገፋ ማድረግ ነው። ጎረምሳ ልጅ እሳት እንዲጠብቅ የተቀመጠበት ቤት ሁልጊዜ ምድጃው ታጭቆ ነው የማገኘው፤ እንጨት ጨምሮ ወደ ኳሱ ሊሮጥ ስለሚፈልግ።

የጭሱን መንገድ መዝጋት

ምርጥ ምድጃ ላይ ነበልባሉ ከምጣዱ ሥር አልፎ በስተኋላ፣ ወጥ በሚጣድበት በኩል ይወጣል። ያቺን መውጫ ልክ እንደ ክዳን በሚገጥም ድስት ድፍን ያደረጋችሁ እንደሆነ ጭሱ ወደ ፊት ተመልሶ ጋጋሪዋ ላይ ይመጣል። ምጣድ ደግሞ በሸክላ ሠሪ እጅ የሚወጣ ስለሆነ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ በምጣዱና በምድጃው ከንፈር መካከል ክፍተት ከቀረ በጭቃ ምረጉት። ይህን ሳያደርጉ «ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል ተብዬ ነበር» ብሎ መክሰስ አይሆንም። ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ ድረስ ማገዶ መቆጠቡ እውነት ነው፤ ግን የሚቆጥበው እሳቱን ከብቦ ስለያዘ ነው፣ በየቀዳዳው የሚያመልጥ ከሆነ ከጉልቻ በምን ተሻለ?

ቱቦ የምታስወጡ ከሆነ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውጣ። በየማዕዘኑ የታጠፈና ወደ ጎን የተጋደመ ቱቦ ጥቀርሻ ያጠራቅማል። ጫፉ ከጣሪያው ጫፍ በላይ ካልወጣ ንፋሱ ጭሱን ጠምዝዞ ወደ ቤት ይመልሰዋል፤ የእኛን አገር የታኅሣሥ ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳር ቤት ከሆነ ቱቦውን በክዳኑ መሐል አታሳልፉት፣ በግድግዳው በኩል ይውጣ። የገጠር ሰው «ጭስ ለክዳኑ ጥሩ ነው፣ ምስጥና ነቀዝ ያባርራል» ሲለኝ አልከራከርም፤ እሳት በላይ የተንጠለጠለ የዘር በቆሎ እንደማይነቅዝ አይቻለሁ። ግን በቆሎው ሳንባ የለውም። እዚያ ጭስ ውስጥ ቀኑን የምትውለው ጋጋሪዋና በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የምግብ ማብሰያ ጭስ ሰበብ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

በፌስታል፣ በጎማ ቁራጭ ወይም በላምባ መለኮስ

አታድርጉት። ጭራሮ፣ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቆረቆንዳ እያለ ለምን? ቀለም የተቀባ ጣውላና ችፑድም እዚሁ ውስጥ ይግባ።

ከሰል ይዞ መተኛት

ሌሎቹ ስህተቶች በአብዛኛው ማገዶ ነው የሚያባክኑት። ይሄኛው ቤተሰብ ይጨርሳል።

ነገሩ የሚመጣው እንዲህ ነው። ኅዳር ነው፣ ኪራይ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። በበሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጋዜጣ ተደፍኗል። ቡና ተፈልቷል። ከሰሉ ገና ፍም ነው፤ ማን ይጥለዋል? አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። «ጭሱ አልቋል፣ ቀልቷል፣ ምንም አያደርግም።»

ስህተቱ ያቺ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የእንጨቱ ጭስ ከሰሉ ሲከሰል ጉድጓዱ ውስጥ አልቋል፤ ቤት የመጣው ካርቦኑ ነው። ፍሙ ላይ አንዳንዴ የምትታየዋ ስስ ሰማያዊ ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነድ ነው። እሷ ስትጠፋ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሳይነድ ወደ ቤቱ እየተለቀቀ ሊሆን ይችላል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስለቅስም፣ አያስልም። ከደም ጋር የሚያያዘው ኦክስጅን ከሚያያዘው ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። አመድ ስለለበሰ፣ ጨው ስለተበተነበት፣ ዕጣን ስለተጨሰበት የሚቀየር ነገር የለም። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም ቢሆን ከሰል ይቆጥባል እንጂ ይህን ጋዝ አያስቀርም፤ «ዘመናዊ ነው» ብሎ መኝታ ቤት የሚያስገባው ሰው ያስደነግጠኛል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ራሱን ያመመው ሁሉ «ምች መታኝ» ይልና ዳማከሴ ታሽቶለት ወደዚያው ቤት ተመልሶ ይተኛል። የማውቀው አንድ ቤት ባልና ሚስት ከነልጃቸው በአንድ ሌሊት ራሳቸውን አመማቸው፤ ባልየው ለሽንት ሲወጣ ቀለል አለው፣ ሲገባ ባሰበት። ያን ልብ ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ስለከፈተ ነው ዛሬ ሦስቱም ያሉት። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ካመመው፣ ውጭ ሲወጣም የሚሻለው ከሆነ፣ ምች አይደለም።

ታፍኖ የወደቀ ሰው ካገኛችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትታችሁ ወደ ውጭ አውጡት፣ በሩን ክፈቱት፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ወተትና ሎሚ እያጠጣችሁ ጊዜ አታቃጥሉ፤ ራሱን የሳተ ሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚፈስ ወተት ራሱ ይገድላል። ተራ አየር እየሳበ ጋዙ ከደሙ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሆስፒታል በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

ቡናው እንዳለቀ ከሰሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ደጅ። ኮሪደርም ማድ ቤትም አይደለም።

ሌሊቱን እንዲያድር እሳት ማዳፈን

ለነገ ጠዋት ፍም እንዳይጠፋ በአመድ ማዳፈን የአያቶቻችን ብልሃት ነው፤ ክብሪት ባልነበረበት ዘመን። ዛሬ ግን ትልቅ እርጥብ ግንድ ምድጃው ውስጥ ወሽቆ አፉን ገርበብ አድርጎ «ሌሊቱን ያሞቀናል» የሚለው ሰው የሚያገኘው ሙቀት ጥቂት፣ ጭሱና ጥቀርሻው ብዙ፣ ከላይ ያልኩት ጋዝም የማይቀርለት ነው። ቤት ማሞቅ ከፈለጋችሁ ማታ እንጀራውን በአንድ ላይ ጋግሩ፤ በደረቅ እንጨት፣ ደህና ነበልባል አድርጋችሁ። የስሚንቶው ገላ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የመጨረሻው እንጀራ እንደወጣ ምጣዱ ላይ ቆሎ ቁሉበት ወይም ውሃ ጣዱበት፣ ያ ሙቀት ለምን በከንቱ ይሂድ? ፍሙን አውጡና ተኙ።

የሚገርመኝ ግን እሳት አዳፍኖ እስከ ጠዋት የሚያቆይ ሰው ራሱ፣ ትኩስ አመድ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ የጭቃ ግድግዳ ሥር ያስቀምጣል። አመድ ውስጥ ፍም ያድራል፤ በቆርቆሮ ጣሳ አድርጋችሁ ከቤቱ አርቁት።

ሳይደርስ ማንደድ

ምርጥ ምድጃ ከስሚንቶና ከቀይ አሸዋ ወይም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ የሚወጣ ነው። ስሚንቶ ከተቀረጸ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ውሃ እየጠጣ መክረም፣ ከዚያም በጥላ መድረቅ አለበት። ገበያ ላይ አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን ይሸጣል፤ ገዥውም በዚያው ማታ በትልቅ እሳት ይፈትነዋል፣ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ስትገዙ መቼ እንደተቀረጸ ጠይቁ፣ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት፤ የሚረግፍ ከሆነ ተዉት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በጭራሮ ብቻ ለስለስ ያለ እሳት ይሁን። ምጣዱንም በጎመን ዘር ሳታሟሹ አትጋግሩበት፤ ይሄን እንኳ ከእኔ መስማት አያስፈልጋችሁም።

ስትረከቡ ክፍሎቹን ቁጠሩ፦ ምጣዱን የሚከቡት 4፣ የድስት ማስቀመጫው 2። በጋሪ ሲጫን የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ የኋለኛው ነው፤ ሻጩ ሳይሄድ እዩት።