አሮጌ ስልክ ላይ ሊኒየጅ ኦኤስ እንዴት ይጫናል?

ስክሪኑ አልተሰነጠቀም። ካሜራው ደህና ነው። ባትሪውም ቢሆን ቀኑን ይውላል። ግን አምራቹ አፕዴት መላክ ካቆመ ቆይቷል፤ አንዳንድ አፕ ደግሞ አንድሮይዱ አርጅቷል እያለ አልጫንም ማለት ጀምሯል። እንዲህ ያለ ስልክ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ጉግል ፒክስል 3ኤን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፤ በ2022 ጉግል አፕዴቱን አቆመለት። ዕቃው ግን ዛሬም ይሠራል። እንዲህ ላለ ስልክ ያለው መንገድ ካስተም ሮም ነው። አምራቹ የጫነውን ሶፍትዌር አውጥቶ፣ በጎ ፈቃደኞች ከአንድሮይድ ክፍት ኮድ ያዘጋጁትን መጫን ማለት ነው። ከሁሉም የሚታወቀው ሊኒየጅ ኦኤስ ይባላል። ሳያኖጅንሞድ የሚባለው ፕሮጀክት በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ሥራው በዚህ ስም ቀጠለ። ነፃ ነው፤ የደህንነት ማስተካከያም በየጊዜው ይወጣለታል።

እዚህ ፒክስል 3ኤን ይዤ እሄዳለሁ። ሳምሰንግና ሻዎሚ የሚለዩበት ቦታ ሲመጣ እጠቅሳለሁ። ጭነቱ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ስልክ የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ከጭነቱ በፊት ሳይጣራ የቀረ ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች አትዝለሉ።

ስልኩ ይፈቅዳል ወይ?

መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን ገብታችሁ የሞዴሉን ቁጥር እዩ። የስልኩ ስም ብቻ አይበቃም። ጋላክሲ ኤስ10 የሚባሉ ብዙ ስልኮች አሉ። ሊኒየጅ የሚሠራለት ኤስኤም-ጂ973ኤፍ የሚለው ነው። ኤስኤም-ጂ973ዩ የሚለው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው፤ ውጪው አንድ ዓይነት ቢሆንም ቺፑ ሌላ ነው፣ ቡትሎደሩም አይከፈትም። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም ነው። የትኛው ሶፍትዌር እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ ነው። እሱ ካልተከፈተ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ስልክ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። "አንሎክ ነው" ተብሎ ይመጣል፤ እውነትም የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ይቀበላል። ያ ግን የኔትወርክ ቁልፍ ነው። የቡትሎደር ቁልፍ ሌላ ነው። ቬራይዘን የሸጠው ፒክስል ያገኘውን ሲም እየተቀበለ ቡትሎደሩ ግን ተቆልፎ ይቀራል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። አባውት ፎን ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚል አዲስ ምናሌ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ኦኢኤም አንሎኪንግ የሚለውን ፈልጉ። መብራት ከቻለ አብሩት፤ መንገዱ ክፍት ነው። ደብዝዞ አልነካም ካለ ዋይፋይ አገናኙና እንደገና ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ ተዉት። "በገንዘብ እከፍትላችኋለሁ" የሚል አይጠፋም፤ እኔ ብሆን ብሬን አልሰጥም።

ሻዎሚ የራሱ ሥርዓት አለው። አካውንት ከፍታችሁ፣ በኩባንያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጠይቃችሁ፣ ብዙ ጊዜ 168 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ሁዋዌ የመክፈቻ ኮድ መስጠት ያቆመው በ2018 ነው። የቴክኖና የኢንፊኒክስ ባለቤቶችም ብዙ ተስፋ አታድርጉ። አብዛኞቹ በሚዲያቴክ ቺፕ የሚሠሩ ናቸው፤ የሊኒየጅ ዝርዝር ደግሞ በአብዛኛው የኳልኮም ስልኮች ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚያዘው ስልክ ለዚህ ሥራ የማይመች መሆኑ ያናድዳል፤ ግን ነገሩ ይኸው ነው።

ስልኩ ከተፈቀደ ወደ ሊኒየጅ የመመሪያ ገጽ ሂዱና የእናንተን ሞዴል ፈልጉ። እያንዳንዱ ስልክ የምስጢር ስም አለው። ፒክስል 3ኤ ሳርጎ ይባላል፤ ትልቁ ወንድሙ 3ኤ ኤክስኤል ቦኒቶ ነው። የአንዱን ፋይል ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ምን ታጣላችሁ?

ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ብዙ ናቸው። የባንክና የክፍያ አፖች ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ላይ አልሠራም ሊሉ ይችላሉ። ጉግል ፕሌይ ኢንተግሪቲ የሚባል ማጣሪያ አለው፤ ስልኩ ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን ለአፑ ይነግረዋል። የእናንተ ባንክ አፕ ይህን ይጠይቅ አይጠይቅ የሚታወቀው ተጭኖ ሲሞከር ነው። አጭር ቁጥር ግን በየትኛውም ስልክ ይሠራል፤ የቴሌብር *127# እና የንግድ ባንክ *889# ሶፍትዌር አይመርጡም። ቢሆንም ገንዘባችሁ ያለበትን ብቸኛ ስልክ ለዚህ ሥራ አታቅርቡት። ትርፍ ስልክ ላይ ጀምሩ።

ሳምሰንግ ላይ ደግሞ ኖክስ የሚባል የጥበቃ ሥርዓት አለ። ሌላ ሶፍትዌር ሲጫን ስልኩ ውስጥ ያለ ፊውዝ ይቃጠላል፤ የፋብሪካውን ሶፍትዌር ብትመልሱም አይመለስም። ሳምሰንግ ፔይና ሴኪዩር ፎልደር በዚያው ቀሩ ማለት ነው። ኔትፍሊክስ የምታዩ ከሆነም የምስሉ ጥራት ሊወርድ ይችላል።

አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎች ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ስልክ መደወል ነው። እዚያ ትልልቆቹ ኩባንያዎች 3ጂን በ2022 ዘግተዋል። ድምፅ የሚሄደው በ4ጂ ላይ ቮልቲ በሚባለው መንገድ ነው። የሳምሰንግ ቮልቲ ደግሞ በራሱ ዝግ ኮድ ስለሚሠራ ካስተም ሮም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ኢንተርኔቱ እየሠራ ጥሪ እምቢ ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ 2ጂና 3ጂ ስላሉ ይህ ያን ያህል አያሳስብም። ፒክስል ላይ ግን ቮልቲ በሊኒየጅም ይሠራል፤ ፒክስልን የመረጥኩት አንዱ ለዚህ ነው።

ዕቃችሁን አውጡ

ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሁሉም። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። ስልክ ቁጥሮች ስልኩ ላይ ብቻ ተቀምጠው ከሆነ ወደ ጉግል አካውንት አዛውሯቸው። ዋትስአፕን ባካፕ አድርጉ። ቴሌግራም ራሱ ስለሚያስቀምጥ ችግር የለውም፤ የሲክሬት ቻት መልእክቶች ግን አይመለሱም። የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ኮድ የሚሰጥ አፕ ካላችሁ ቀድማችሁ ወደ ሌላ ስልክ ውሰዱት፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው።

ከዚያ ሲስተም አፕዴት ገብታችሁ የፋብሪካውን የመጨረሻ አፕዴት ጫኑ። ፒክስል 3ኤ አንድሮይድ 12 ላይ መሆን አለበት። ሊኒየጅ የሞደሙንና የሌሎቹን ክፍሎች ሶፍትዌር ከዚያ ነው የሚጠቀመው።

የሚወርዱ ፋይሎች

ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ላፕቶፕ ቢሆን ይመረጣል። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ዴስክቶፕ ይዞባችሁ ይጠፋል። የስልኩም ባትሪ ከግማሽ በላይ ይሁን።

የምታወርዱት ይህን ነው። ከጉግል ፕላትፎርም ቱልስ፤ ኤዲቢና ፋስትቡት የሚባሉት ሁለት ትናንሽ ፕሮግራሞች እዚያ ውስጥ ናቸው። ከሊኒየጅ የሳርጎ ዚፕ ፋይልና ቡት ኢሜጅ። ፕሌይ ስቶር ከፈለጋችሁ ደግሞ ማይንድዘጋፕስ የሚባለውን ጥቅል፤ ሊኒየጅ ያለ ጉግል አፕ ነው የሚመጣው። ጥቅሉ ከአንድሮይዱ ጋር መግጠም አለበት። እዚህ ቁጥሩ ያደናግራል፦ ሊኒየጅ 21 አንድሮይድ 14 ነው፣ ሊኒየጅ 22 ደግሞ አንድሮይድ 15። ዓይነቱ ለ3ኤ ኤአርኤም64 የሚለው ነው።

ሁሉንም ከባለቤቱ ገጽ አውርዱ። ሁሉ ነገር በቴሌግራም ቻናል ስለሚገኝ ሮምም ከዚያ መውሰድ ይቀናናል። ይህ ግን የስልኩ ዋና ሶፍትዌር ነው፤ ውስጡ የተነካካ ቢሆን የምትጽፉትን ሁሉ ማየት ይችላል። ከዋናው ገጽ ብታወርዱም ኔት ሲቆራረጥ ፋይል ሊጎድል ስለሚችል፣ ከማውረጃው ጎን የተጻፈውን የሻ256 ቁጥር፣ ማለትም የፋይሉን አሻራ፣ ከወረደላችሁ ፋይል ቁጥር ጋር አስተያዩ። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ያወጣላችኋል።

ቡትሎደሩን መክፈት

ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ኦኢኤም አንሎኪንግንና ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩ። ስልኩን አጥፉት። ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ያዙ፤ ፋስትቡት ሞድ የሚል ጥቁር ገጽ ይመጣል። በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙ። ፕላትፎርም ቱልስ ያለበትን ፎልደር በኮማንድ መስኮት ከፍታችሁ "ፋስትቡት ዲቫይስስ" የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። እኔ እዚህ አነባበቡን ነው የምጽፈው፤ ትክክለኛውን አጻጻፍ ከስልኩ የመመሪያ ገጽ ኮፒ አድርጉ።

የስልኩ ቁጥር ከወጣ ተገናኝታችኋል። ባዶ ከሆነ ወይም "በመጠበቅ ላይ" ብሎ ከቀረ አትደናገጡ፤ የጀማሪ ሁሉ ፈተና ይኸው ነው። ከገመዱ ጀምሩ። ብዙ ርካሽ ገመድ ኃይል ብቻ እንጂ ዳታ አያስተላልፍም። ቀጥሎ ሶኬቱን ቀይሩ፤ አሮጌው ዩኤስቢ 2 ከአዲሱ ይሻላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበት ስልክ ካያችሁ ድራይቨሩ ነው የጎደለው፤ የጉግልን ዩኤስቢ ድራይቨር አውርዳችሁ በእጅ ስጡት። ሊኑክስ የምትጠቀሙ በድራይቨር አትቸገሩም።

ከተገናኘ "ፋስትቡት ፍላሺንግ አንሎክ" በሉ። ስልኩ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። በድምፅ ቁልፎቹ አንሎክ የሚለውን መርጣችሁ በማብሪያው አጽድቁ። አሁን ዳታው ጠፋ። ከእንግዲህ ስልኩ በተነሳ ቁጥር ቡትሎደሩ ክፍት መሆኑን የሚናገር ገጽ ይመጣል፤ መልመድ ነው።

ሳምሰንግ ፋስትቡት የለውም። በዳውንሎድ ሞድ ገብቶ ኦዲን ወይም ሃይምዳል በሚባል ፕሮግራም ነው የሚሠራው። የጥገና ቤት ልጆች ኦዲንን በደንብ ያውቁታል።

ሪከቨሪና ጭነት

እንደገና ፋስትቡት ሞድ ግቡና የወረደውን ቡት ኢሜጅ "ፋስትቡት ፍላሽ ቡት" በሚለው ትእዛዝ ጫኑ። ሪከቨሪ ዋናው ሶፍትዌር ሳይነሳ ፋይል የሚጫንበትና ዳታ የሚጠፋበት ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ 3ኤ ላይ ያለው በዚህ ፋይል ውስጥ ነው። ከዚያ በድምፅ ቁልፎቹ ሪከቨሪ ሞድን መርጣችሁ ግቡ። የሊኒየጅ ምልክት ካያችሁ ተሳክቷል።

3ኤ የሶፍትዌሩን ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ ኤ እና ቢ ይባላሉ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ፣ በኋላ አፕዴት ስታደርጉ ስልኩ ላይነሳ ይችላል። መመሪያው ቅጂዎቹን የሚያስተካክል ትንሽ ዚፕ ፋይል ስለሚሰጣችሁ መጀመሪያ እሱን ጫኑ። የአጫጫኑ መንገድ ለሁሉም ፋይል አንድ ነው፦ ስልኩ ላይ አፕላይ አፕዴት፣ ቀጥሎ አፕላይ ፍሮም ኤዲቢ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ "ኤዲቢ ሳይድሎድ" ብላችሁ የፋይሉን ስም።

ቀጥሎ ፋክተሪ ሪሴት ውስጥ ገብታችሁ ፎርማት ዳታ በሉ። አሮጌው ዳታ በሌላ ቁልፍ ስለተመሰጠረ አዲሱ ሶፍትዌር ሊያነበው አይችልም። አሁን የሊኒየጅን ዚፕ በሳይድሎድ ስጡት።

እዚህ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ 47% ደርሶ ይቆምና "ትእዛዝ ማንበብ አልተቻለም" የሚል ነገር ይጽፋል። ገመዱን አትንቀሉ! የስልኩን ስክሪን እዩ። እዚያ ጭነቱ ተጠናቋል ካለ በትክክል ተጠናቋል።

ስልኩ ተጨማሪ ጥቅል ለመጫን ሪከቨሪው ይነሳ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ በሉ። ማይንድዘጋፕስን በዚያው መንገድ ጫኑ። ፊርማው አልተረጋገጠም ቢላችሁ በሊኒየጅ ቁልፍ ስላልተፈረመ ነው፤ የስ ብላችሁ ቀጥሉ። የጉግል አፖቹ የግድ ከመጀመሪያው ማብራት በፊት መግባት አለባቸው። ስልኩን አንድ ጊዜ ካበራችሁ በኋላ ትዝ ቢላችሁ ዳታውን እንደገና ፎርማት ልታደርጉ ነው።

አሁን ሪቡት። የመጀመሪያው መነሳት ይዘገያል። ከ15 ደቂቃ በላይ ምልክቱ እየዞረ ከቆየ ግን አንድ እርምጃ ዘላችኋል። ሪከቨሪ ገብታችሁ ፎርማት ዳታ አድርጉና ጭነቱን ድገሙት። ፋስትቡት ሞድ እስከገባ ድረስ ስልኩ አልሞተም።

ከተነሳ በኋላ

የአማርኛ ፊደል ያለ ምንም ጭነት ይነበባል፤ ለመጻፍ ጂቦርድን አውርዱና አማርኛን ጨምሩ። የባንክ አፓችሁን ሞክሩ። ደውሉ፣ ይደወልላችሁ፣ ጂፒኤሱንና ካሜራውን እዩ። ሩት ማድረግ፣ ማለትም በስልኩ ሶፍትዌር ላይ ሙሉ ሥልጣን መውሰድ፣ አያስፈልግም። ሰዎች ሮምና ሩትን አንድ ያደርጓቸዋል፤ ሩት ስታደርጉ ግን የባንክ አፖቹ እምቢታ ይብሳል።

አዲስ አፕዴት ሲወጣ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አፕዴተር ውስጥ ይመጣል። ዳታ አይጠፋም፤ የጉግል አፖቹም ይቀጥላሉ። ከአንድ ትልቅ ቁጥር ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከ21 ወደ 22 ለመሻገር ግን እንደገና ኮምፒውተርና መመሪያ ይፈልጋል። ያኔም የጉግል ጥቅሉን አብራችሁ ማደስ አትርሱ።

አልተመቻችሁም? ፒክስል መመለስ ቀላል ነው። ጉግል በክሮም ብራውዘር የሚሠራ የፍላሽ መሣሪያ አለው፤ የፋብሪካውን አንድሮይድ በራሱ አውርዶ ይጭናል፣ ዳታውንም ያጠፋል። ቡትሎደሩን መልሳችሁ መቆለፍ የምትችሉት ያኔ፣ ስልኩ በፋብሪካው ሶፍትዌር በትክክል መነሳቱን ካያችሁ በኋላ ነው። ሊኒየጅ ላይ እያላችሁ ከቆለፋችሁት ስልኩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።