ወጥ ቤት ስታደራጁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን መኖር ስጀምር መጀመሪያ የገዛሁት ስድስት ድስት ያለው ስብስብ ነው። ሲያዩት ያምራል። ግን ትልቁን ድስት በሁለት ዓመት ውስጥ የተጠቀምኩበት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለማኅበር። ቀሪውን ጊዜ መደርደሪያውን አጣቦ ተቀመጠ፤ በየቀኑ የምፈልጋትን ትንሿን ድስት ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ እሱን ማንሳት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፦ ምን እንደምንበላ ሳናስብ ዕቃ መግዛት። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ባለፈው ሳምንት ምን ምን እንደሠራችሁ አስቡ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አልፎ አልፎ ሥጋ ከሆነ ሦስት ድስት ይበቃችኋል። የጾሙንና የፍስኩን የምትለዩ አንድ ጨምሩ። ድግስ ሲመጣ ትልቅ ድስት ከጎረቤትም ከዕድርም አይጠፋም።

ሁለተኛው፣ ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ቡፌ ውስጥ ቆልፎ የዕለት ዕቃን መሬት ላይ መደራረብ ነው። እንግዳ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፣ እናንተ ግን በቀን ሦስቴ ትሠራላችሁ። በየቀኑ የምትነኩት ዕቃ ጎንበስ ሳትሉ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። በርበሬው ብቻ ከምድጃው ይራቅ፤ ሙቀትና እንፋሎት ቀለሙንም ሽታውንም ይወስዱበታል።

ሦስተኛው ስስ ድስት ነው። የእኛ ወጥ የሚጀምረው ሽንኩርት ከማቁላላት ነው። ታቹ ስስ ከሆነ መሃሉ ያራል፣ ዳር ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ስትገዙ ገልብጣችሁ ታቹን እዩት፣ ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑት። ቲማቲም ወይም ሎሚ የገባበትን ወጥ ደግሞ አልሙኒየም ድስት ውስጥ አታሳድሩ፤ ኮምጣጣ ነገር አልሙኒየሙን ይበላውና ወደ ምግቡ ይገባል።

ስለ ሸክላ ምጣድ ግን ትንሽ ልቆይበት። እናቴ ገበያ ስትሄድ ምጣዱን ጉልበቷ ላይ አቁማ በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ለዓይን ባይታይም የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። አንዴ እኔ ወድጄ የመረጥኩትን አንኳኩታ ዝም ብላ መለሰችው። ሻጯ አልተቆጡም፤ «እውነትሽን ነው እቴ» ብለው ከኋላቸው ሌላ አወጡ። እኔ ቅርጹንና ልስላሴውን ነበር ያየሁት።

ያንን ጥሩ ምጣድ ታዲያ በገዛ ችኮላዬ አበላሸሁት። አዲስ ምጣድ መሟሸት አለበት። በለስላሳ እሳት ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ነስንሳችሁ በጨርቅ እሹት፣ ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ደጋግሙት። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሊጥ አፈሰስኩበት። እንጀራው ተጣብቆ እንቢ አለኝ፣ ፈቀፈቅኩት፣ ተናድጄ ቀዝቃዛ ውሃ ደፋሁበት፣ ከመሃሉ ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በፍጹም!

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ ደግሞ ዲቫይደር ላይ አትሰኩት። ብዙዎቹ ምጣዶች ከ3000 ዋት በላይ ይስባሉ፤ 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይወስዳል። ተራ ዲቫይደር ይህን አይችልም። ስፒናው ሲግል፣ የፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ፣ ሶኬቱ ሲጠቁር እያያችሁ «ይቺን እንጀራ ልጨርስ» አትበሉ። ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር በባለሙያ አዘርጉለት።

ደጋ ላይ ለምንኖር ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራና ባቄላ ሰዓታት የሚፈጁት፣ ከሰሉም የሚያልቀው ለዚህ ነው። ትርፍ ብር ካላችሁ ከስድስት ድስት ይልቅ አንድ ደህና ፕሬዠር ግዙ። ስህተቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው፦ ጥራጥሬ ከሆነ ከግማሽ በላይ አትሙሉት፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን አትታገሉት፣ ጎማውም ሲደርቅ ቀይሩት።

ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበትን ባልዲ ለሊጥ አታውሉ። ቢታጠብም ያው ነው።

ከሰል ቤት ውስጥ የምታነዱ በርና መስኮት ክፈቱ። ምድጃውን ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ቤት አስገብታችሁ አትተኙ፤ ጭሱ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

የመጨረሻው የእህል ነገር ነው። በቆሎ ነቀዘ ተብሎ ክኒን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ፣ ከረጢቱን ከአልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው አውቃለሁ። ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል። ያ እህል ባለበት ቤት ማንም አይተኛ፣ ልጆች በተለይ። በቆሎውን በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ ብታስሩት ነቀዙ ያለ መድኃኒት አየር አጥቶ ይሞታል። ጤፍን ደግሞ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፣ ለእሱ ብላችሁ ክኒን አትግዙ።