በሲንጋፖር ቲያን ሆክ ኬንግን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎዳናውን ሳያስተውሉ መግባት። ቲያን ሆክ ኬንግ የተባለውን የቻይናውያን ቤተ መቅደስ ዛሬ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ከበውታል። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 ሲሠራ ግን ፊት ለፊቱ ባሕር ነበር። ከቻይናዋ ፉጂያን ግዛት በመርከብ የመጡ ስደተኞች ማዕበሉን አልፈው መሬት እንደረገጡ ለባሕር ተጓዦች ጠባቂ ለማዙ ምስጋና የሚያቀርቡት እዚህ ነበር። ኋላ ባሕሩ በአፈር ተሞልቶ ራቀ። ይህን ያላወቀ ጎብኚ፣ የባሕር አምላክ በባንኮች መካከል ምን ትሠራለች ብሎ መደነቁ አይቀርም።

በመካከለኛው በር መግባትና ደፍ መርገጥ። በልማዱ የሚገባው ቤተ መቅደሱን ፊት ለፊት ሲያዩት በስተቀኝ፣ የዘንዶ በሚባለው በኩል ነው፤ የሚወጣውም በስተግራ፣ የነብር በሚባለው በኩል። ከፍ ያለውን የበሩን ደፍ ተሻግረው ይለፉ እንጂ አይቁሙበት። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የለመደ የአገራችን ሰው በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ማለት ይቀናው ይሆናል፤ እዚህ አያስፈልግም። ቤተ መቅደሱ ባለበት በዚያው በቴሎክ አየር ጎዳና ላይ ወደሚገኘው አል አብራር መስጊድ ከዘለቁ ግን ያውልቁ።

«ታድሷል» ሲባል አርጅቶ የተቀባ ነው ብሎ መናቅ። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 የተካሄደው እድሳት የቀለም ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዩኔስኮ በ2001 በእስያና ፓስፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማቱ የክብር ዕውቅና ባልሰጠው ነበር። አንገትዎን ቀና አድርገው ጣሪያውን የተሸከሙትን እንጨቶች ይመልከቱ፦ እርስ በርስ ተጠላልፈው የቆሙት በአናጢ ብልሃት እንጂ በምስማር አይደለም። ድንጋዩና እንጨቱ በብዛት ከቻይና በመርከብ የመጡ ናቸው። የፊት ለፊቱ የብረት አጥር ግን ከስኮትላንዷ ግላስጎው ነው። ለቻይና ቤተ መቅደስ የስኮትላንድ ብረት! የወደብ ከተማ እንዲህ ነው፤ መርከብ ያመጣውን ሁሉ ያዋህዳል።

የሚጸልዩ ሰዎችን ፊት ለፊት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ዕጣኑንም ለፎቶ ብሎ መጨበጥ። ይህ የሚያብራራ ሰው አይሻም።

ከማዙ አዳራሽ መመለስ። ብዙው ጎብኚ ፊተኛውን አዳራሽ አይቶ ይወጣል። ከኋላ የርኅራኄ አምላኳ ጉዋንዪን አለች፤ ከቡድሃ እምነት የመጣች ናት። ለጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ለኮንፊሽየስም የተለየ ስፍራ ተሰጥቶታል። የተለያዩ እምነቶች በአንድ ግቢ እንዴት እንደሚከበሩ የሚታየው እዚያ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለኋለኛው ክፍል ነው።

አመሻሽ ላይ መድረስ። በሩ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ስለሚዘጋ ጠዋት ይሂዱ፤ ሙቀቱም ይቀላል። ዘግይተው ከደረሱ ዞረው ወደ አሞይ ጎዳና ይሂዱ። በቤተ መቅደሱ የጀርባ ግድግዳ ላይ የፉጂያን ስደተኞችን ኑሮ የሚያሳይ 44 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሥዕል አለ፤ ከመንገድ ስለሚታይ የመዝጊያ ሰዓት የለውም።